ለሃምሳ አለቃው የተላክን ሽማግሎች

ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ታክሲዎች ተራቸው እስኪደርስ የሚጠብቁበት ግቢ አለ። ከተርሚናሉ ራቅ ይላል፤ ዙሪያው ባዶ ሜዳ ነው፤ የመኪና በር ሲከፈት ነፋሱ ኮፍያ ነጥቆ ይሄዳል። ስለ አሜሪካ የማውቀውን አብዛኛውን ነገር የተማርኩት እዚያ ግቢ ውስጥ፣ መሪዬ ላይ ተደግፌ ነው። አገር ቤት ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ የመኪናዬ ሬዲዮ ነው። መንገደኞች የኋላ ወንበር ላይ ጥለውት የሚወርዱትን ጋዜጣ ሌላው ሾፌር መስታወት ሲወለውልበት፣ እኔ ከፊት ገጹ ጀምሬ እስከ ሞት ማስታወቂያው አነበው ነበር። ያልገባኝን ቃል አሰምርበትና በእረፍት ቀኔ ኦሮራ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ እስኪገባኝ ድረስ አልነሳም። ይህን የምለው ለመኩራራት ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ግን ለመኩራራትም ነው። ማንም ሳያስተምረኝ የተማርኩ ሰው ነኝ።

ሾፌሮቹ «ጄኔራል» ብለው ይጠሩኝ ነበር። ጄኔራል አልነበርኩም። በደርግ ጊዜ፣ በሰሜኑ ጦርነት ስንቅና ጥይት የማመላልስ የጦር መኪና ሾፌር ነበርኩ። ግን ጦርነትን ከጄኔራል ይልቅ ሾፌር ያውቀዋል ባይ ነኝ። ጄኔራሉ የሚያየው ካርታ ነው። እኔ ያየሁት መንገዱን ነው፤ ጠዋት ሰላም ሆኖ ያለፍኩበትን መንገድ ከሰዓት በኋላ ተቃጥሎ አግኝቼዋለሁ።

ፈረንጆች 2002 በሚሉት ዓመት፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ሬዲዮኑ ሁሉ ስለ ኢራቅ ሆነ።

«ጄኔራል፣ ዛሬስ ባግዳድ ገባን ወይስ ገና ነን?» ይለኛል አንዱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

«መግባቱንስ እንገባለን» እላለሁ። «ስለ መውጫው ጠይቀኝ።»

በዚህ ጊዜ አበልጄ ከመኪናው ወርዶ ይመጣል። በስደት ካርቱም ሳለን፣ ክርስትና እናት ስላልተገኘች፣ ሴት ልጁን እኔ ክርስትና ያነሳሁለት ጓደኛዬ ነው፤ እሱም እንደኔ ታክሲ ነጂ ነው። ፕሬዚዳንቱን ሲወዳቸው ለጉድ ነው።

«አንተ ደግሞ! ይሄ እኮ አሜሪካ ነው። ያንተን አሮጌ የጦር መኪና መሰለህ እንዴ? ከሰማይ ሆነው የሰው ጺም ይቆጥራሉ!»

«ጺሙን ይቁጠሩት። የጺሙ ባለቤት ምን እንደሚያስብ ግን ከሰማይ አይታይም።»

«እንግዲህ ፕሬዚዳንቱ አንተን ሳያማክሩ መወሰናቸው ነው ጥፋታቸው!»

ግቢው በሳቅ ይሞላል። እኔም እስቃለሁ።

እኔ ፕሬዚዳንቱን አልጠላቸውም ነበር። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሲናገሩ ጆሮ ይይዛሉ፤ እኒህ አጭር ነው የሚናገሩት፤ አጭር ንግግር ደግሞ እወዳለሁ። ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። እኔ አንድ ዘዴ አለኝ፤ ከማንም አልተማርኩትም። ባለ ሥልጣን በቴሌቪዥን ሲናገር መጀመሪያ ንግግሩን እሰማለሁ፣ ከዚያ ድምፁን ዘግቼ ፊቱን አያለሁ። የሚያመዛዝን ሰው ዓይኑ ይንከራተታል። የእሳቸው ዓይን አንድ ቦታ ቆሟል። «እኒህ ሰው ወስነው ጨርሰዋል» አልኩ። «አሁን የሚፈልጉት ምክንያቱን ነው።» ይህን ዘዴ ያስተማርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ለክርስትና ልጄ። ትንሽ ልጅ ሆና እቤቴ ስትመጣ ሪሞቱን ይዛ ድምፅ ትዘጋና «አባባ፣ ይሄኛው ይዋሻል!» እያለች ትስቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን አበልጄ ግቢው ውስጥ ወደ መኪናዬ መጥቶ ሳይቀልድ ገባ። በሩንም ዘጋው።

«ልጅቷ ፈርማለች» አለኝ።

«ምን?»

«ለጦር ሠራዊቱ። ኮሌጅ ያስተምሩኛል ብላ። ሾፌር ነው የምትሆነው፤ ሾፌር ከኋላ ነው፣ ውጊያ አይነካውም ብላ እናቷን አጽናናቻት።» ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው አይደል? ከኋላ ነው አይደል?»

እኔ ከኋላ የሚባል ቦታ ላይ ሆኜ ስንት ጓደኛ እንደቀበርኩ እሱም ያውቃል።

ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ሕጉን ፈለግኩ፤ አገኘሁትም። የፈረመ ሰው ወደ ማሠልጠኛ ገና ካልሄደ ሐሳቡን መቀየር ይችላል፤ ግን ራሱ ነው አልፈልግም ማለት ያለበት። እሷ የምትሄደው ከገና በኋላ ነበር፤ ጊዜ ነበረን። ወዲያው ፓርክ ሂል እቤታቸው ሄጄ ለአባትና ለእናት አስረዳሁ።

እናትየዋ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም ነበር። «እሷን ማን ያሳምናታል?» አለች። «ስናገራት በሩን ዘግታ ትገባለች። አለቃዋ ይልቀቃት። ሽማግሌ ይላክልን።»

«ለማን?»

«ለአስፈራሚዋ ነዋ!»

ሽማግሌ መሄድ ያለበት ለልጅቷ ነው ብዬ ተናግሬ ነበር። አበልጄ ግን ተቆጣ። ሽማግሌ የሚሄደው ሥልጣን ላለው ሰው ነው፤ ለአባት፣ ለዳኛ፣ ለአለቃ። ለገዛ ልጅ ሽማግሌ መላክ አባት አልሆንኩም ማለት ነው፤ ሰውስ ምን ይላል? በባህላችን እሱ ትክክል ነበር። እኔም ሽማግሌ ሁን ስባል እንቢ የምል ሰው አይደለሁም።

ሦስት ሆነን ሄድን። አንዱ ሃቫና ስትሪት ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ያልዳሩት ልጅ፣ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ሁለተኛው ብዙ የማይናገሩ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው። ሦስተኛው እኔ፣ አስተርጓሚም ነኝ። ሙሉ ልብስ ለብሰን፣ ከራቫት አስረን፣ አስፈራሚው ሃምሳ አለቃ ቢሮ ገባን። ጥፍር በሚሠራ ቤትና በሳንድዊች ቤት መካከል ያለች ጠባብ ቢሮ ናት። ሃምሳ አለቃው ብድግ ብሎ ወንበር አቀረበ።

አልተቀመጥንም። ሽማግሌ የመጣበትን ቃል ሳያገኝ አይቀመጥም። እንደገና ጋበዘን፤ እንደገና ቆምን። ሰውየው ፊታችንን ተራ በተራ አየ። «ምን ችግር ተፈጠረ?» አለ።

«ችግር የለም» አልኩት። «ልንለምንህ ነው የመጣነው። እሺ ካላልከን አንቀመጥም።»

ባለ ሱቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። እሳቸው የሚያውቁት የጋብቻ ሽምግልና ነው፤ እዚያ ደግሞ መጀመሪያ ልጅቷ ትመሰገናለች። አመሰገኗት። ከጨዋ ቤት የወጣች ናት አሉ። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ እዚህ አድጋ አልባለገችም፣ ታዛዥ ናት፣ ከትምህርት ቤት ቀርታ አታውቅም አሉ። በበረዶ የአባቷን መኪና ስትነዳ አንድ ቀን እንኳ አላጋጨችም አሉ። እግራቸውን ረገጥኳቸው። በርቱ ያልኳቸው መስሏቸው ካርቱም ስለተወለደች ዐረብኛ እንደማትቸገር ጨመሩበት። እኔ ሳስተረጉም ቃል አልጨምርም፣ አልቀንስም፤ በዚህ ማንም አይታማኝም።

ሃምሳ አለቃው እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ «ጌታዬ፣» አለኝ፣ «በዚህ ሥራ ስቆይ ለአንድ ሰው እንዲህ ሲመሰከርለት ሰምቼ አላውቅም። እሷ መጥታ አልፈልግም ካለችኝ አላስገድዳትም። ከእናንተ አፍ ግን ልቀበል አልችልም።»

«ያ ጦርነት ይመጣል ወይ?» አልኩት።

«እኔም እርስዎ በቴሌቪዥን የሚሰሙትን ነው የምሰማው።»

ፊቱን አየሁት። ወጣት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የሕፃን ፎቶ አለ። ዓይኑ ከእኔ ላይ ተነስቶ መስኮቱ ላይ፣ ከመስኮቱ ተነስቶ ፎቶው ላይ ሄደ። ከፕሬዚዳንቱ ይልቅ እሱ የበለጠ ነገረኝ። ሦስታችንንም እየጨበጠ በሩን ከፍቶ ሸኘን። ሳንቀመጥ ወጣን።

በማግስቱ የክርስትና ልጄ ኦሮራ አፓርታማዬ መጣች። ጃኬቷን ሳታወልቅ መሃል ሳሎን ቆመች።

«አባባ፣ ሪሊ? አንቀመጥም አላችሁት?»

«ባህላችን ነው፣ ልጄ። ተቀመጪ።»

«እኔም አልቀመጥም!» አለችኝ። «ደውሎ ሁሉንም ነገረኝ። ናይስ ሆኖ ነው የነገረኝ፤ እሱ ነው የባሰው። ለእሱ ሦስት ሰው ቆመለት። ለእኔ ማን መጣ? እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«አባትሽ…»

«ልተወው ነበር እኮ፣ አባባ። አይ ስዌር። ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ነበር። አሁን ብተወው ሽማግሌዎች ለምነውላት ቀረች ነው የምባለው። አልቀርም።»

አልቀረችም። ከገና በኋላ ሄደች።

ጦርነቱ በጸደይ ተጀመረ፤ ባግዳድም ቶሎ ተያዘች። ግቢው ውስጥ ደስታ ሆነ። አበልጄ ሻይ ይዞልኝ መጣና «ጄኔራል፣ በል እጅህን ስጥ!» አለኝ። ፕሬዚዳንቱ የጦር መርከብ ላይ ቆመው ዋናው ውጊያ ማብቃቱን ሲናገሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረጉልኝ። ሻዩን ጠጣሁ። «ከተማውን ይዘዋል» አልኩ። «አሁን መንገዱን መጠበቅ ይጀምራሉ። የመኪናዎቹን ነገር ተመልከቱ።»

በጋው ሳያልቅ ጋዜጣው ላይ ትንንሽ ወሬዎች መውጣት ጀመሩ፤ ከገጹ ግርጌ፣ ጥቂት መስመር ብቻ። ስንቅ የጫነ ኮንቮይ፣ መንገድ ዳር የተቀበረ ፈንጂ። ወሬው ከሳምንት ሳምንት ወደ ላይ፣ ወደ ፊት ገጽ እየወጣ መጣ። ያልኩት ሁሉ ሆነ። እንዳልኩት መሆኑን ባወቁ ቁጥር ግን ሾፌሮቹ መጠየቃቸውን ተዉ። ስጠጋ ሬዲዮ ይቀየራል። አበልጄ ከመኪናው መውረድ አቆመ። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ልጅቷ ወደዚያው ተላከች፤ መኪናም ትነዳለች፣ ዐረብኛዋንም ይጠቀሙበታል።

መጸው ላይ፣ ምርጫው ሊደርስ ሲል፣ ለአጭር እረፍት መጣች። ከአውሮፕላን ማረፊያው በእኔ ታክሲ ነው የሄድነው፤ አባትና እናቷ ከኋላ፣ እሷ ከፊት። ሃይዌዩ ላይ ወደ መጀመሪያው ድልድይ ስንቀርብ ክንዴን ጨበጠች።

«ሌን ቀይር!»

ወደ ጎኑ መስመር ቀየርኩ። ድልድዩን ስናልፍ ለቀቀችኝ።

«ይቅርታ፣ አባባ። እዚያ በአንዱ ሌን ገብተን በሌላው ነው የምንወጣው። ከላይ አድፍጦ የሚጠብቀን ሰው የት እንደምንወጣ እንዳያውቅ።»

እስከ ቤት ድረስ በየድልድዩ ሥር ቀየርኩላት።

ሃቫና ስትሪት ምግብ ቤት ስንወስዳት ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣ በሩን እያየች በላች። ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን ፕሬዚዳንቱ ይናገራሉ። አባቷ አሁንም ተስፋ ነበረው። «ወታደሩ ይወዳቸዋል አይደል?» አላት።

«ስለ እሳቸው አናወራም፣ አባዬ። ስለ ብረት ነው የምናወራው።»

«የምን ብረት?»

«የመኪናዬ በር ስስ ነው። ከቆሻሻ መጣያ የብረት ቁራጭ ለቅመን በይደንበታል።»

ከዚያ በኋላ አበልጄ ቴሌቪዥኑን አላየም። እኔ በዚያች ቀን ስለ ፕሬዚዳንቱ ወስኜ ጨረስኩ። ሰው በጦርነት ሊሳሳት ይችላል፤ ጦርነት ውስጥ የኖርኩ ሰው ይህን አልፈርድበትም። በዓለም ላይ አቻ የሌለው ሀብታም ሠራዊት አዝዞ፣ ሕፃን ሆና በእጄ ያቀፍኳትን ልጅ በቆሻሻ ብረት የሚከልል መሪ ግን፣ ጦርነቱን ሲጀምር ስለ መንገዱ አላሰበም ማለት ነው። እኔ በአራተኛ ክፍል ትምህርቴ አስቤበት ነበር።

የመመለሻዋ ቀን ተርሚናሉ በር ላይ አቆምኩ። ወላጆቿ ቀድመው ወርደው ሻንጣ ያወርዳሉ። እሷ ከፊት ወንበር አልተነሳችም።

«አባባ፣ እርስዎ ያሉት ሁሉ ይሆናል ይላል አባዬ። እስኪ ይንገሩኝ። መቼ ነው የሚያልቀው?»

መልሱን አውቀው ነበር። ለግቢው ሁሉ ተናግሬዋለሁ፤ ፕሬዚዳንቱ እንደገና ይመረጣሉ፣ ሠራዊቱ ገና ዓመታት እዚያ ይቆያል፣ አንድ ጊዜ የሄደ ደግሞ ይሄዳል። ሕይወቴን ሙሉ የማውቀውን ነገር ለመናገር አፍሬ አላውቅም።

«ቶሎ ያልቃል» አልኳት። «በሰላም ትመለሻለሽ።»

ፊቴን ብቻ አየችው፤ እስኪበቃት ድረስ። ድምፄን ዘግታ እያየችኝ እንደሆነ ገባኝ።

«ኦኬ፣ አባባ» አለች። ጉንጬን ሳመችኝና ወረደች።

ይህን የምጽፈው እሷ ገና እዚያ ሳለች ነው። ፕሬዚዳንቱ ተመርጠዋል። የእሷም ጊዜ ተራዝሟል። ሃምሳ አለቃውን ልጠይቀው ሄጄ ነበር፤ ብቻዬን፣ ያለ ከራቫት። ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ የበፊቱ ራሱ ወደዚያ ተልኳል አለኝ። ፓርክ ሂል፣ ከአበልጄ ቤት ፊት ለፊት የማይታወቅ መኪና ፓርክ ሲያደርግ፣ ከውስጥ የሚወርደው ሰው መርዶ ይዞ የመጣ መለዮ ለባሽ አለመሆኑን እስኪያዩ ድረስ ባልና ሚስቱ መስኮቱ ጋ ይቆማሉ። እኔም እዚያ ከሆንኩ አብሬ እቆማለሁ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገደኛ ይዤ ስወጣ፣ ድልድዩ ሥር በአንዱ ሌን እገባለሁ፣ በሌላው እወጣለሁ።

«ምን አየህ?» ይሉኛል ከኋላ።

«ምንም» እላለሁ። «ቀጣዩም ላይ እቀይራለሁ፤ እንዳትደነግጡ።»