ወገራ ላይ የተተከለው ድንኳን

ባለፈው ሰኔ የግቢዬ በር ማጠፊያ ተሰብሮ ለማስበየድ አዘዞ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። በያጁ ከእኔ በፊት የጀመረው ሥራ ነበረውና በርሜል ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የሚቆርጠው የአንዲት ትንሽ ሞተር አጽም ነበር፤ ፔዳል ካላቸው፣ ሞተራቸው እንቢ ሲል እንደ ብስክሌት ከሚነዱት ወገን። የውኃ ጋሪ መግፊያ ሊያደርጋት ነው። አፍጥጬ ሳያት አይቶ፣ "ጋሼ፣ ያውቋታል እንዴ?" አለኝ። አውቃታለሁ አልኩት። ከዚያ በላይ ብናገር ሥራ አስፈታዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ፤ ማጠፊያዬን አስበይጄ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ዝምታው አልተመቸኝም።

የዚያችን ዓይነት ሞተር ታሪክ በየሠርግ ቤቱ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ። ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። የማወራው ግን ሁልጊዜ እስከ ግማሹ ነው። አሁን እስከ መጨረሻው ልጻፈው።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። እኔ ጎንደር ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር፤ የዓለምን አገሮች ሁሉ ካርታ ላይ በዱላ ጠቁሜያለሁ፣ በአካል ግን ከባሕር ዳር አልፌ አላውቅም። ዘውዱ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ልብስ ይሰፋል። ሙላት ዲያቆን ነው፤ አባቱ የቅኔ መምህር ናቸው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የኔታ የሚላቸው። አንድ መሥሪያ ቤት ያረጁ ትንንሽ ሞተሮቹን በጨረታ ሲሸጥ ሦስቱን ወሰድን። ሁለቱ ወዲያው ተነሡ። ሦስተኛዋ ካንዴላዋ ተቀይሮላት ከሳምንት ልመና በኋላ ተነሣች።

ሱዳን እንሂድ ያለው ሙላት ነው። "ዓባይ ከጣና ሲወጣ አይተነዋል፤ ካርቱም ላይ ከነጩ ጋር ሲገናኝ ሳናይ እንዴት እንቀራለን?" አለ አንድ ቀን፣ ጎረቤት ሄዶ እንደመምጣት አድርጎ። እኔ ካርታ ዘረጋሁ። አይከል፣ ሸዲ፣ መተማ፣ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ካርቱም። የአስተማሪ ደመወዝ ሆቴል የሚያሳድር ስላልነበረ በተማሪ ደብተር ላይ የጉዞ ደንብ አወጣሁ። ሆቴል አይታደርም። ምግብ ቤት አይገባም። ሞተሩ የተበላሸበት ሰው ሌሎቹን አያዘገይም፤ ይቺኛዋን ደንብ ማናችንም እንደማንጠብቃት ስጽፋትም አውቅ ነበር። ለስንቅ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ተመደበ። ድርቆሹ ላይ ሁለት ምሽት ተከራከርን፤ በረሃ ላይ ማራሻ ውኃ ከየት ይመጣል የሚለው ዘውዱ ነበር፣ እንጀራ ሳልበላ ሦስት ሳምንት አልከርምም የምለው እኔ። ዘውዱ ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ድንኳን ሰፋልን። መኪናው ከመተማ ሰሊጥ ያመላልስ ስለነበር ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ሰሊጥና ናፍጣ ይሸታል። ለእኛ ይህ ሽታ ራሱ ግማሽ ሱዳን ነበር።

ለእኔና ለዘውዱ ጉዞው ሽርሽር ነው። ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ ይሆናል። ለሙላት ግን እንደዚያ አልነበረም። ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ቀን ተቆርጧል፤ ካገባ በኋላ ይቀስሳል፣ የቀሰሰ ሰው ደግሞ ደብሩን ትቶ በሞተር አገር ላገር አይዞርም። "ይቺ ዓመት ካለፈች አለፈችኝ" ይለን ነበር፤ ሳያማርር፣ የሚያውቀውን ነገር እንደሚናገር ሰው።

ስለዚህ የየኔታ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ሦስታችንም ሄደን ፊታቸው ቆምን። ደንቤን ከደብተሩ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣ "የሱዳን ሙቀት ማንንም ያስተኛል" አሉ። "መጀመሪያ ወገራ፣ ብርዱ ላይ ወጥታችሁ በዚያች ሸራ ሥር አንድ ሌሊት እደሩ። ማንንም ሳታስቸግሩ ደኅና ከተመለሳችሁ ልጄን ትወስዱታላችሁ። ሰው ካስቸገራችሁ ግን እዚህ ያስቸገረ እዚያም ያስቸግራልና ልጄ ይቀራል።" ሙላት ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ በሆዴ፣ ይሄማ ቀላል ነው አልኩ።

በታኅሣሥ፣ በነቢያት ጾም፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን። ወደ ወገራ መንገዱ ሽቅብ ነው። ሞተሮቹ ትንሽ ካጉረመረሙ በኋላ ነገሩ ሁሉ በእኛ ጉልበት ላይ ወደቀ፤ ፔዳሉን እየረገጥን ስናለከልክ እህል የጫኑ አህዮች ቀደሙን። ከአህዮቹ ኋላ የምትሄድ ሴት ዞር ብላ፣ "ምነው፣ ተሸክማችኋት ብትሄዱ አይቀልም?" አለችን። ኮሶዬ ላይ ቆመን በሶ በጥብጠን ጠጣን። ገደሉ ሥር ያለው ቆላ በጭጋግ ተሸፍኖ የትየለሌ ነው። ሙላት ወደ ምዕራብ እያየ፣ "ያ ሱዳን ይሆን?" ሲል ጠየቀኝ። ገና የእኛው አገር እንደሆነ ነገርኩት። ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየው።

አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ከመንገድ ወጣ ስንል ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። ገብሱ የታጨደበት ማሳ አጠገብ፣ ከአንድ የነዶ ክምር ፈንጠር ብለን ድንኳናችንን ተከልን። ካስማውን መትተን ሳንጨርስ አንድ ሽማግሌ ዱላ ይዘው መጡ። አያ ታከለ ይባላሉ፤ ማሳውም ክምሩም የእርሳቸው ነው።

"ምነው ልጆቼ፣ ከማን ተጣላችሁ?" አሉ።

"ከማንም አልተጣላንም፣ አያ። እዚሁ ልናድር ነው" አልኳቸው።

ሸራውን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። "ድንኳን የሚተከል ለሠርግ ነው፣ አለዚያም ለለቅሶ። የናንተ የቱ ነው?"

ዘውዱ ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም። "ቤቴ ያውና። እሳቱ ነዷል፣ ሸጋ መኝታም አለ። ተነሡ በሉ።"

ሙላት ለመነሣት ግማሽ ብድግ ብሎ ነበር። እኔ ቀደምኩና፣ "አያ፣ ማንንም ላናስቸግር ቃል ገብተን ነው የመጣነው" አልኩ።

"እኔን ማን አስቸገረኝ?"

"እንግዲህ ቃል ነው፣ አያ።"

"ታከለ ደጁ የመጣ እንግዳ ሜዳ ላይ አሳደረ ይበሉኛ" አሉና ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሄዱ። ሙላት ቀስ ብሎ፣ ብንገባ ይሻል ነበር አለ። "ሱዳን መሄድ ትፈልጋለህ አትፈልግም?" አልኩት ተማሪ በምቆጣበት ድምፅ። የቀረውን ካስማ መምታት ቀጠለ። በጽናቴ ኮርቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ስነቃ ብርዱ ጥርሴን ያንቀጫቅጨው ነበር። የድንኳኑን አፍ ገለጥኩ። ማሳው በአመዳይ ነጭ ሆኗል። አያ ታከለ ክምሩን ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ጋቢው ትከሻቸው ላይ አመዳይ ይዟል።

"ደኅና አደራችሁ?" አሉኝ።

"አያ፣ መቼ መጡ?"

"የት ሄጄ? ጅብ በዚህ ነው የሚያልፍ። እራቴን በልቼ ተመለስኩ።"

ከዚያ ሊነሡ ፈለጉ፤ ጉልበታቸው ግን እንቢ አለ። አንዴ ሞከሩ፣ ሁለተኛ ሞከሩ። ፈገግ ብለው ዱላቸውን አዩት፣ ዱላው የበደላቸው ይመስል። ሙላት ሮጦ በአንድ ብብታቸው ገባ፣ እኔ በሌላው፤ እግራቸው እንደታጠፈ ተሸክመን ወደ ቤታቸው ወሰድናቸው። ባለቤታቸው በር ላይ አገኙን። "ምነው እናንተ ልጆች፣ ቤቱ ጠበባችሁ?" አሉን። አልጮሁም። ቢጮሁ በተሻለ። እሳት ዳር አስቀምጠናቸው ባለቤታቸው ጉልበታቸውን እያሹ፣ ለእኛ ደግሞ ትኩስ የገብስ ሙቅ ቀዱልን። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የሚጣፍጥ ሙቅ ጠጥቼ አላውቅም፤ እንደዚያም አንገቴን ደፍቼ የጠጣሁት ነገር የለም። ስንሄድ ጉልበታቸው ገና አልተዘረጋም ነበር።

በየሠርግ ቤቱ የማወራው እስከዚህ ነው። ድንኳኑ ለሠርግ ነው ለለቅሶ የሚለው ላይ ሰው በሳቅ ይሞታል፤ ጉልበታቸውን እዘለዋለሁ።

ቁልቁል ስንመለስ ኮሶዬ ላይ ሞተሮቹን አቆምንና እኔ ተናገርኩ። የኔታ ቢጠይቁ ማንንም አላስቸገርንም እንላለን፤ ሽማግሌውን ኑ ጠብቁን ያላቸው የለም፣ በፈቃዳቸው ነው የመጡት፣ ስለዚህ ውሸትም አይደለም አልኩ። ዘውዱ እውነትህን ነው አለኝ። ሙላት ጓንቱን እያጠለቀ ወደ ቆላው ያይ ነበር። እሺም እምቢም አላለም።

የኔታን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ ወይራው ሥር፣ ተማሪዎቻቸው መሐል ተቀምጠው አገኘናቸው። ተማሪዎቹን በእጃቸው ዝም አሰኙና "እህ?" አሉ።

"አደርን፣ የኔታ። ማንንም አላስቸገርንም" አልኩ። ድምፄ ቀጥ ያለ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የኔታ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሙላት ፊቱ ልብስ መስሏል። ምን እየጣለ እንደሆነ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። "አስቸግረናል፣ አባቴ" አለ። ሁሉንም ተናገረ፤ ጅቡን፣ አመዳዩን፣ ጉልበታቸውን። ደንቡን ያጠበቅሁት እኔ መሆኔን ብቻ አልተናገረም።

የኔታ እኔን አላዩኝም። "ጉልበታቸው ተዘረጋላቸው?" ብለው ጠየቁት።

"እኛ ስንወጣ አልተዘረጋም።"

"እንግዲያው ነገ በመኪና ትሄዳለህ። እስኪሻላቸው ከብቶቹን እያየህ ገብሳቸውን ትወቃለህ። ሱዳኑ ቀርቷል።" ከዚያ ተማሪዎቻቸውን ካቆሙበት አስቀጠሉ።

ሙላት ወገራ ሦስት ሳምንት ቆየ። ጥምቀትን እዚያው አሳለፈ። ፊቱ በብርድ ጠቁሮ፣ እጁ ተላልጦ ሲመለስ አያ ታከለ መራመድ እንደጀመሩ ነገረን። የዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት ሲደርስ እኔና ዘውዱ ተነሣን። ሙላት አዘዞ ድረስ ሸኘን፤ እናቱ ያዘጋጁለትን በሶም ለእኛ ሰጠን። ካርቱም አልደረስንም። የእኔ ሞተር ገዳሪፍ ላይ ሞተች፤ በጭነት መኪና ተመለስን። ድንኳኑንም የተከልነው አንድ ምሽት ብቻ ነው። አንድ ሰውዬ ሻይ ይዞ ከመንደሩ ሲመጣ ሳየው ገና አፉን ሳይከፍት ካስማውን መንቀል ጀመርኩ።

ሙላት አገባ፣ ቀሰሰ። ዘውዱ አዲስ አበባ ገባ። እኔና ሙላት በአንድ ከተማ አረጀን፤ በደስታም በሐዘንም አልተለያየንም። ግን ዓመታት ሙሉ ቂም ይዤበት ነበር፣ ይህን መናገር አለብኝ። በአባቱ ፊት ውሸታም አደረገኝ ብዬ። የኔታ እስኪሞቱ ድረስ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ይባርኩኛል፣ እኔ ደግሞ መንገድ እቀይራለሁ። የነፍስ አባት ስይዝም ሰፈሬ ያለውን ጓደኛዬን ትቼ ሌላ ደብር ሄድኩ። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት፣ የዋሸሁት ለእርሱ ነው፣ ሱዳን እንዳያመልጠው ብዬ ነው የሚል ነበር። ውለታዬን ያልተረዳልኝ እርሱ ነው።

ከጋራዡ በተመለስኩ በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ሙላት ደብር ሄድኩ። ዝናቡ አባርቶ ደጀ ሰላሙ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ያን ቀን የኔታን ዋሽቻቸዋለሁ" አልኩት።

"እሱንማ አጠገብህ ቆሜ ሰምቻለሁ። የማላውቀው ካለህ ንገረኝ" አለ እየሳቀ።

"ለአንተ ብዬ አልነበረም። ያለ አንተ መሄድ ፈርቼ ነው። ካርታውን ነው እንጂ አገሩን አላውቀው፤ አንተ ከሌለህ ድንበሩ ላይ የምመለስ ይመስለኝ ነበር። አንተ ብትቀር እኔም እቀራለሁ ብዬ ነው የዋሸሁት።"

ሳቁን አቆመ። ነጭ ጥምጥሙን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

"ይህንንስ አላውቅም ነበር" አለ። "ለእኔ ብለህ መስሎኝ ነው የኖርኩት። ለእኔ ብሎ የዋሸልኝን ሰው ሕዝብ መሐል በአባቴ ፊት አዋረድኩት እያልኩ። ባለቤቴን ጠይቃት፤ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። እውነቱን በመናገሬ አልጸጸትም፤ አንተን ግን ባየሁህ ቁጥር አፍር ነበር።"

እኔ ውለታዬ ተረሳ ስል፣ እርሱ ላልተዋለለት ውለታ ሲያፍር ሠላሳ ዓመት ሄደ። እውነቱን መናገር ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ አይፈጅም ነበር፤ ስንት ጊዜ አብረን በልተናል፣ ስንት ቀብር አብረን ቆመናል። ሰው ሁሉ የሚያውቅብኝን ውሸቴን ሳይሆን ማንም ያላወቀብኝን ፍርሃቴን ነው እንደ ሀብት የደበቅሁት። ፍርሃቴን ከማወጣ ይልቅ እርሱ ባለዕዳ ሆኖ እንዲኖር ተውኩት።

"ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?" አለኝ።

ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠርጉ ሰዎች መጥረጊያቸውን ይዘው አለፉ፤ ቆመው መስቀሉን ተሳለሙና ሄዱ። ሙላት መስቀሉን ወደ ኪሱ መልሶ እግሩን ዘረጋ።

"በል እንግዲህ፣ ስለ ሱዳን ንገረኝ" አለ። "ከመተማ ጀምር።"

ከተመለስን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ስለ ሱዳን ጠይቆኝ እንደማያውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለመጠየቅ መብት የሌለው መስሎት ኖሯል። ከመተማ ጀመርኩለት፤ ብዙውን ረስቼዋለሁ፣ የማስታውሰውን ያህል ግን ምንም ሳልዘል ነገርኩት።