ከባቱ ሳይሸጥ የተመለሰው ጎማ

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከአዳማ ተነሳሁ። መድረሻዬ ባቱ፣ ጉዳዬ አንድ የውሃ ሞተር ነው። ሞተር ጠጋኝ ነኝ። ከባቱ ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙት ደንበኛዬ ኦቦ ገመቹ ዋዜማውን ደውለው፣ “ታደሰ፣ ሐይቁ አሁንም ሸሸ። ሞተሩ ጭቃ እየጠጣ ይቆማል። የመሳቢያውን ጎማ ቀጥልልኝ፤ ችግኙ እስከ ነገ ውሃ ካላገኘ አለቀለት” አሉኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጎማ ስቀጥልላቸው ይህ ሦስተኛዬ ሊሆን ነው። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሐይቁ በሸሸ ቁጥር እኔ ገበያ አገኛለሁ።

ሚኒባስ ውስጥ የተጠቀለለውን ጎማ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣ “ይሄ ዘንዶ እንደ ሰው ነው የሚከፍለው” አለ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም የዘንዶዬን ከፈልኩ።

መንገድ ላይ

ሞጆ ላይ ወደ ደረቅ ወደቡ የሚገቡ ባለ ኮንቴይነር መኪኖች መንገዱን ዘግተውት ብዙ ቆምን። ቆቃ ስንደርስ ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው ለመኪና የሚያሳዩ ሻጮች ተደርድረዋል። ሰው ለመብራት ብሎ ወንዝ ገድቦ አቆመ፤ የቆመው ውሃ ደግሞ ለይብራውም ለዓሣ አጥማጁም ቤት ሆነ። ከመቂ ወዲያ በግራም በቀኝም ቲማቲም በሳጥን፣ ሽንኩርት በጆንያ ነው። ሌላው ተሳፋሪ ማሳውን ሲያይ እኔ የማየው ሞተሮቹን ነበር። የትኛው እንደሚያጨስ፣ የትኛው በቅርቡ እንደሚጠራኝ እገምታለሁ።

ባቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። ሐይቁ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ገብቼ ዓሣ ጥብስ በዳጣ አዘዝኩ። የመጣው ቆሮሶ ዓሣ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም።

“እህቴ፣ ዓሣው ነው ያነሰው ወይስ እኔ ነኝ ያደግኩት?” አልኳት አስተናጋጇን።

“ዓሣው ነው” አለች ሳትስቅ። “ትንሹ ተደብቆ የሚያድግበትን ፊላ አጨዱት። ትልቅ ከየት ይምጣ?”

ፊላ በሐይቁ ዳር የሚበቅለው ረጅሙ ሣር ነው። ያኔ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። በልቼ በጋሪ ወደ ማሳው ሄድኩ።

ማሳው ላይ

“አካም ጅርታ፣ ኦቦ ገመቹ?”

“ፈያ። ሰላምታውን ተወውና ጎማውን አምጣ” አሉ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁጣቸውም ሳቃቸውም ቅርብ የሆነ ሰው ናቸው። ችግኙ አንገቱን ደፍቷል። ባለፈው ስመጣ ፊላ የነበረበት ዳርቻ ተመንጥሮ ሽንኩርቱ እስከ ውሃው አፍ ወርዷል። ነፋሱ ማዕበሉን ሲገፋው የተራቆተው አፈር እየተናደ ውሃው እንደ አብሽ ደፍርሷል። የሞተሩን መምጠጫ ሳወጣው ወንፊቱ በጭቃ ተለስኗል። ጎማ ብቀጥልም ጭቃውን ከሩቅ መጠጣት ነው እንጂ ሌላ ለውጥ የለውም።

ቀና ስል አጠገቡ ያለውን ማሳ አየሁ። የአዴ ፋጡማ ነው። ባለቤታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ከሞቱ በኋላ ማሳውን ብቻቸውን ያርሳሉ። ዳርቻው ላይ ፊላው አንድም ሳይነካ ቆሟል። ኦቦ ገመቹ “የወባ ቤት” እያሉ ሲሳለቁበት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አብሬም ስቄያለሁ። ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ። አንዱን ከኦቦ ገመቹ ዳርቻ፣ ሌላውን ከፊላው መሐል ቀዳሁና ለኦቦ ገመቹ ሰጠኋቸው። ወደ ፀሐይ አንስተው አዩ። አንዱ ጭቃ ነው፤ ፊላው ባጣራው በሌላኛው ውስጥ ጣታቸው ይታያል።

ጠርሙሶቹን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ፣ “መምጠጫውን እዚያ እንድናስገባ ለምንልኝ” አሉኝ።

ሄጄ ለመንኩ። አዴ ፋጡማ ከጉልጓሎአቸው ቀና ሳይሉ፣ “እሱ ራሱ አፍ የለውም?” አሉ።

ይህን ስነግራቸው ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው በዝግታ ሄዱ። እኔም ተከተልኩ። በኦሮምኛ ሲነጋገሩ ሁሉንም አልያዝኩም፤ “ተሳስቻለሁ” ያሉትን ግን ሰምቻለሁ። አዴ ፋጡማ ለእኔም እንዲገባኝ ወደ አማርኛ ዞሩ።

“ውሃውን ውሰድ። ግን ከዳር ያለውን አራት መደብ ትለቃለህ። ፊላውን ከነሥሩ እኔ እሰጥሃለሁ፣ አንተ ትተክላለህ። የኔ ፊላ ብቻውን የሁላችሁን ጭቃ አይችልም።”

አራት መደብ ሽንኩርት ቀላል አይደለም። የኦቦ ገመቹ ፊት ሲጨማደድ አየሁና አዘንኩ። ግን ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን መደብ ችግኝ በገዛ እጃቸው መንቀል ጀመሩ። ያለውን ጎማ አዙሬ መምጠጫውን ፊላው ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ቅጥያ አላስፈለገም። ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ተነሳ። ንጹህ ውሃ በቦዩ ሲወርድ ሦስታችንም ቆመን አየን። ከመሄዴ በፊት ፊላ ተሸክሜ ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁ።

አዳማ

አመሻሹ ላይ ዘንዶዬን እንደታቀፍኩ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ጎማውን አይታ፣ “አልገዙህም?” አለች። “አላስፈለጋቸውም” አልኳት። ጫማዬን እያጠብኩ ሳስበው አፈርኩ። ሁለት ጊዜ ጎማ ስቀጥል ሐይቁ ለምን እንደሸሸ አልጠየቅኩም፤ ሲሸሽ ተከትዬ ማሳደድ ብቻ ነበር ሥራዬ። ከዚያ ወዲህ ሞተር ልጠግን ስሄድ መጀመሪያ ዳርቻውን አያለሁ። ሐይቁ አልተመለሰም፤ በአራት መደብ ፊላ አይመለስም። የሌሎችም ሞተሮች ገና ይጠጡታል።

ጎማው እስካሁን ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ክረምቱ ሲወጣ ኦቦ ገመቹ ደወሉ፤ ሞተሩ የተበላሸባቸው መሰለኝ።

“ታደሰ፣ የሰው ከብት ገብቶ ፊላዬን ሊጨርሰው ነበር። አጥር የሚሆን ሽቦ ከአዳማ ታመጣልኛለህ?”

“የማንን ፊላ?” አልኳቸው።

“የኔን ነዋ” አሉ ተቆጥተው። “ውስጡ ትንንሽ ቆሮሶ አለ እኮ።”