ወንድሜ ባቆመው አንቴና ላይ የታሰረው ድንኳን

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ መርሳ፣ እኛው ግቢ ውስጥ ነው። ታላቅ ወንድሜን ሰይድን የቀበርንበት ቀን ነው። ሀዘኑን ሰው ሁሉ ያውቃል። ከሀዘኑ ጋር የነበረውን ፍርሃት ግን እስካሁን በደንብ ተናግሬው አላውቅም። አሁንም ነፋስ ሲነሳ ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ ወደ ላይ አያለሁ።

ከዋዜማው ልጀምር። ሰይድ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ ነበር። የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አውጥቶ፣ ሩቅ አገር ካሉ ሰዎች ጋር ለመነጋገር ቀጥ ብሎ የሚቆም አንቴና እየሠራ ነበር። ወፍራሙ የአሉሚኒየም ቱቦ ከታች ሆኖ ቀጫጭኖቹ ወደ ላይ እየተሰኩ ይቀጠላሉ። መሀል መሀሉ ላይ የተጠቀለለ ሽቦ አለ። አንዱ አንቴና ለብዙ ሞገድ የሚያገለግለው በእሱ ነው። ከእግሩ ሥር ደግሞ ረጃጅም ሽቦዎች በየአቅጣጫው ዘርግተን ስስ አፈር አለበስናቸው።

ሥራው ትዕግስት ይጠይቃል። አንቴናውን እናቆመዋለን። ሰይድ ክፍሉ ገብቶ ትንሿን መለኪያ ያያል። ርዝመቱ ልክ ካልሆነ ሬዲዮው የላከው ኃይል ወደ ራሱ ይመለሳል፤ መለኪያዋ ያንን ታሳያለች። ከዚያ እናወርደዋለን፣ ቱቦውን በጣት ስፋት ገፋ እናደርጋለን፣ ማጥበቂያ ቀለበቱን እናጠብቃለን፣ እንደገና እናቆመዋለን። ለእያንዳንዱ ሞገድ እንዲህ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «ሰይዶ፣ ይሄን ብረት ስታስተኛውና ስታስነሳው ዋልክ። አሞት ነው እንዴ?» አሉት።

«ዛሬ ይሻለዋል እትዬ፣ ዱዓ ያድርጉለት» አላቸው።

«ከተሻለውማ ልብሴን ላስጣበት» አሉና ሄዱ።

አመሻሹ ላይ መለኪያዋ ልክ ሆነች። ሰይድ አንቴናውን በናይለን ገመዶች ወጥሮ ከካስማ ጋር አሰረው። ከአጥሩ ውጭ የመብራት ሽቦ ያልፋል። ሽቦውን እያሳየኝ፣ «ገመዶቹን ማንም እንዳይነካቸው። ይሄ ብረት ያንን ከነካ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው አይተርፍም» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ወልድያ ሄደ። የተሳፈረበት መኪና ሲሪንቃ ሳይደርስ ተገለበጠ። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም። አስከሬኑ መጣ፣ በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበርነው።

ከመቃብር ስንመለስ ቅሬዎቹ ድንኳን ተክለው ጨርሰዋል። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ከድንኳኑ ምሰሶዎች አንዱ ተሰብሮ ኖሮ የሸራውን ጫፍ አንቴናው ላይ አስረውታል። መግቢያ ይዘጋል ብለው የሰይድን ገመዶችም ከካስማው ፈተዋቸዋል። ክፋት አልነበረውም። ቀጥ ብሎ የቆመ ብረት አገኙ፣ ምሰሶ አደረጉት።

እናቴ ከሴቶቹ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጣለች። አፈር ያለበስናቸው ሽቦዎች ከሰሌኑ ሥር ናቸው፤ መብራቱ አንቴናውን ካገኘው በእነሱ ነው የሚመጣው። በሐራ ከተማ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ነፋሱ ሲመጣ ድንኳኑ ይነፋና አንቴናውን ይዞት ወደ መብራቱ ሽቦ ያጋድላል። ነፋሱ ሲተው አንቴናው ይመለሳል። እንደገና ሲመጣ ካለፈው ትንሽ ጨምሮ ይጎነበሳል።

ወደ ቅሬያችን ዳኛ ወደ ጋሽ ይማም ሮጥኩ። እኔ ስደነግጥ ቃል ይጠፋኛል።

«ጋሽ ይማም፣ ድንኳኑን... ድንኳኑን ይፍቱት» አልኳቸው።

«ምን አልክ ልጄ?»

«ይፈታ። አሁን። ሰይድ... ሰይድ ማንም እንዳይነካው ብሏል።»

በእኛ ዘንድ የለቅሶ ድንኳን በተተከለበት ቀን አይፈርስም። ማፍረሱ ሌላ ሞት እንደ መጥራት ይቆጠራል። ዙሪያው የነበሩት ሰዎች ተያዩ።

«ሀዘኑ ነው፣ ያዙት» አሉ ጋሽ ይማም።

ሁለት ሰዎች ክንዶቼን ያዙኝ። አንዱ ፊቴ ላይ ውሃ ረጨብኝና «አልቅስ፣ አልቅስ፣ ይውጣልህ» አለኝ። እጄን አንስቼ እንዳላሳያቸው አጥብቀው ይዘውኛል። «ሽቦው፣ ሽቦው» እላለሁ። «አዎ፣ አዎ፣ አይዞህ» ይሉኛል።

በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ፈርቻለሁ። ግን ያኔ ሁላችንም አብረን ነበር የምንፈራው። ያን ቀን የፈራሁት ብቻዬን ነው። እናቴን አያታለሁ፤ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ከራሷ በላይ ያለውን አታውቅም።

የዝናቡ ጠብታ ጀመረ። ቀጭኑ የላይኛው ቱቦ እንደ ቀስት ጎበጠ። ማስረዳቱን ተውኩና «እማ» ብዬ ጮህኩ። «እማ፣ ነይ ወደ እኔ።»

እናቴ ተነሳች። ልጇን የቀበረች እናት ስትነሳ ተቀምጣ የምትቀር ሴት የለችም። ሁሉም ተነስተው፣ እሷን ደግፈው ወደ እኔ መጡ። ድንኳኑ ባዶውን ቀረ። ጋሽ ይማም ሴቶቹ ምን አይተው እንደወጡ ለማወቅ ቀና ሲሉ አንቴናውን አዩት። ከጫፉ እስከ መብራቱ ሽቦ ክንድ አይሞላም።

«ልቀቁት» አሉ። «ምን እናድርግ ልጄ?»

ያኔ ቃሉ መጣልኝ። ብረቱን ማንም እንዳይነካ ነገርኳቸው። ሸራውን ከአንቴናው ጋር ያሰረውን ገመድ አንዱ ሮጦ በቢላ ቆረጠው። ሸራው ተገልብጦ አጥሩ ላይ ወደቀ። አንቴናው ተስፈንጥሮ ተመለሰ፤ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ሲረጋ የናይለኑን ገመድ በቤቱ በኩል ሳብን፣ ቀስ ብለን አስተኛነው።

ቅሬዎቹ ሌላ ምሰሶ አምጥተው ድንኳኑን እዚያው መልሰው ተከሉት። እናቴን «እንዴት አመንሽኝ?» አልኳት።

«ምኑን አምኜህ? የምትወድቅ መስሎኝ ልይዝህ ነው የተነሳሁት» አለችኝ።

በማግስቱ ንጋት ላይ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ለቀስተኛ ሳይመጣ፣ አንቴናውን ራሱን መለኪያ አድርጌ ግቢውን ለካሁ። ሥሩን ሰይድ በተከለበት ጉድጓድ ላይ አድርጌ ወደ መንገዱ ስዘረጋው ጫፉ በአጥሩ ሥር ሾልኮ የመብራቱን መስመር አልፎ ወጣ። ሰይድ የተማመነው በገመዶቹ ብቻ ነበር። ከቤቱ ጀርባ፣ በየትም በኩል ቢወድቅ ምንም የማይነካበት ቦታ አገኘሁ። ሰይድ ያገኘው ልክ እንዳይጠፋ ከቀለበቶቹ አንዱንም አላላላሁም። ዶማ አንስቼ መቆፈር ጀመርኩ።

ጋሽ ይማም መጡ። አፈሩን ሲያዩ ቆሙ።

«ይሄ ለማን ነው?»

«ለአንቴናው ነው።»

ዶማውን ከእጄ ወሰዱት። «ሀዘንተኛ አይቆፍርም። መቆፈር የቅሬ ነው» አሉ። ትንሽ ቆፍረው ቀና አሉና፣ «እስከ የት ነው የሚወርደው?» ብለው ጠየቁኝ።

ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ጉልበቴ ላይ በእጄ አሳየኋቸው።