የጋሽ ካርቦን ሦስተኛው ፕሮግራም

ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ማመልከቻ የሚጽፉትን ሽማግሌ፣ ሰዉ ሁሉ «ጋሽ ካርቦን» ይላቸዋል፤ በታይፕ ዘመናቸው በካርቦን ወረቀት ቅጂ ሳያስቀሩ አንዲት ወረቀት ለደንበኛ ሰጥተው አያውቁማ! ኮምፒውተር ከገዙ ወዲህ ግን ማንን ይመኑ? በመጀመሪያው የጽሑፍ ፕሮግራም የቀን ሙሉ ሥራቸውን ውኃ በላው። ሁለተኛው ደግሞ ፊደሉን ሁሉ ባዶ ሳጥን አድርጎ መለሰላቸው።

«አባዬ፣ ይሄኛው ሰማይ ቢደፋ የጻፍከውን አይጥልም» ብላ ልጃቸው ሦስተኛውን ጫነችላቸው።

በማግስቱ አንዲት ሴት ጠዋት ወንድሟን የምትከስበትን ማመልከቻ አስጻፈች። ከሰዓት ተመልሳ «ይቅር ብዬዋለሁ፣ ያስተካክሉልኝ» አለች። ገና አስተካክለው ሳይጨርሱ መብራት ድርግም አለ።

መብራቱ ሲመጣ ፕሮግራሙ ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን ዘረጋ፤ በአንዱ ክስ፣ በሌላው ይቅርታ። ከሥሩም «የትኛው ይቀመጥ?» ይላል።

ጋሽ ካርቦን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። ጽሑፍ ሲጠፋ አይተዋል፤ ቅጂ ከዋናው ጋር ሲጣላ ግን ዕድሜ ልካቸውን አላዩም።

«ምን ልበለው የኔ ልጅ?» አሉ ግራ ገብቷቸው ወደ ሴትዮዋ ዞረው።

ሴትዮዋ ሁለቱን ጽሑፎች ደጋግማ አየቻቸው።

«እኔም ከጠዋት ጀምሮ ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ነው፣ ጋሼ።»