የኦጋዳ ጉድጓድ

ባሌ ማጋክ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። የሐይቅ ዳር ከተማችን ኪሱሙ በሰው ስትጥለቀለቅ የኛን መንደር ጉድጓዶች ግማሹን የቆፈረው እሱ ነው። ሐይቁ አፍንጫችን ሥር ተንጣሎ እኛ የምንጠጣው ከመሬት ነበር። ቁጡ ሰው ነው፤ ዶማው ድንጋይ ሲመታ የድንጋዩን እናት ሳይቀር ይሰድባል። እኔም ብሆን አፌን አልይዝም፤ እንዲህ ሆነን ነው አብረን ያረጀነው።

ኮሌራ የልጅ ልጃችንን አኬሎን በአንድ ቀን ነጠቀን። እህቷ አወር ቀረችልን።

ከከተማው ውኃ እቅድ ክፍል ባለሙያዎች መጡና በአከራያችን በኦጋዳ ሽንት ቤት ውስጥ ቀይ ቀለም ጨመሩ። በማግስቱ እዚያው ግቢ ኦጋዳ ከሚሸጥልን ጉድጓድ የተቀዳው ውኃ ቀላ።

“ቧንቧውም የፍሳሽ መስመሩም እቅዱ ውስጥ አለ፤ ለከርሞ ይደርሳል” አለች ኢንጂነሯ። “እስከዚያ ይሄ ይዘጋ። ከመንገዱ ማዶ ካለው ቦኖ ቅዱ።”

ኦጋዳ ሳቀባት። “አፈሩ ቀይ ነው! ውኃው ቢቀላ ምን ይገርማል?” ሰዉም ቦኖው ሩቅ ነው ብሎ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ።

ማጋክ የቆፈረውን ንዶ ሊደፍን መዶሻውን ይዞ ወጣ። የጉድጓዱን አፍ ሁለቴ እንደመታ የኦጋዳ ጎረምሶች ያዙት።

“አንተ ሽማግሌ፣ አብደሃል?”

“የቆፈርኩት እኔ ነኝ! አኬሎን የገደልኳት እኔ ነኝ! ልቀቁኝ ልድፈነው!”

በገዛ መዶሻው ክንዱን ሰበሩት። አጥንቱ ቋ ሲል ሰምቻለሁ፤ የእጃቸውን ይስጣቸው! ወድቆም አልተዉትም፣ አፉ ደም እስኪሞላ ጎኑን ረገጡት። ጎረቤቶቻችን ባልዲያቸውን ይዘው ተራ እየጠበቁ ያያሉ። ከሰልፉ መሀል አወር ጀሪካን ይዛ ቆማለች፤ እናቷ ልካት ነው።

ደሜ ፈላ። ሽንት ቤት ገባሁ፣ ባልዲ በገመድ አውርጄ እስካፉ ሞልቼ አወጣሁ። ስመጣ ሰልፉ አፍንጫውን ይዞ ተበተነ።

“አንቺ የኡጌንያ አገር ልጅ፣ ምን ልታደርጊ ነው?” ሲል ኦጋዳ ጮኸ።

ጉድጓዱ ውስጥ ደፋሁት።

“ጠጡ! ምነው ተጸየፋችሁ? እስከዛሬ ስትጠጡ የኖራችሁት ይኼንኑ አይደል እንዴ?”

ኦጋዳ በቡጢ የፊት ጥርሴን አወለቀው። ሴቶቹ በጀሪካን ወገሩኝ፤ ያዋለድኳት ሳትቀር ፀጉሬን ነጨችው። ብቻ ከዚያ ጉድጓድ ዳግመኛ የቀዳ የለም።

ማጋክ በዚያ ክንዱ ዶማ አላነሳም። ጎረቤቶቼ እኔን ሲያዩ እስካሁን መሬት ላይ ይተፋሉ።

ይትፉ። አወር በሕይወት አለች።