«ሶሪ» ያለን ሰውዬ

ትናንት ሚኒባስ ውስጥ አንድ ጎረምሳ እግሬን ረገጠኝና «ሶሪ!» ብሎኝ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ይህችን ቃል አልወዳትም። በቃል ቂም መያዝ የእብድ ሥራ ነው ቢሉኝም አልወዳትም።

ልጅ ሆኜ፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ከየካ ወደ ጉርድ ሾላ የሚወስደው መንገድ ጠጠር ነበር። ዝናብ ሲያባራ የባሕር ዛፉ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከሰፈሩ ልጆች ትንሽ እንግሊዝኛ የቀመስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ፣ ለጥር የታጨችውን ታላቅ እህቴን ጽጌን እደጃችን የአንድ ፈረንጅ ላንድሮቨር ገጭቶ ጣላት። አባቴ እየሮጠ ወጣ። ሰውዬው ወርዶ እግሯን አየ፤ ፊቱ ቀላ፤ «ሶሪ፣ ሶሪ» አለና መኪናውን አስነሥቶ ነጎደ።

«ምን አለ ልጄ?» አለኝ አባቴ።

«ይቅርታ ነው ያለው፣ አባዬ።»

አባቴ ቀለል አለው። በእኛ ዘንድ ይቅርታ ያለ ሰው ሽማግሌ ይልካል፣ ይክሳል፣ ካስፈለገም ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቃል። ጎረቤቶች «ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ» ሲሉት ተቆጣ። «ይቅርታ ያለን ሰው ልክሰስ? ነውር አይደለም እንዴ!»

ጽጌን ወጌሻ አሰራት። አባቴ በየእሁዱ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ፣ እናቴን ጠላ አስጠምቆ ሽማግሌዎቹን ጠበቀ። ጠላው ኮመጠጠ። የጽጌ እግር ተጣሞ ገጠመ፤ ጥር መጣ፣ ሄደ፤ የእጮኛዋ ወገኖችም ድምፃቸውን አጠፉ።

«የፈረንጁ ሽማግሌዎች ቤቱ ጠፍቷቸው ይሆናል» ይል ነበር አባቴ።

ኮሌጅ ስገባ መዝገበ ቃላት ገልጬ የዚያችን ቃል ዘር ፈለግሁ። ጥንት የወጣችው ከሕመም፣ ከቁስል ነው ይላል፤ ልቡ የቆሰለ ሰው የሚላት ነበረች። ብዙ አፍ ሲቀባበላት ሕመሟ ቀለለ፤ ላስነጠሰውም ለገደለውም እኩል ታገለግላለች። ለአባቴ ልነግረው መጥቼ፣ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

ዛሬ የካ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ሕፃኑ ሁሉ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ሽማግሌ የሚላላክ ጎረቤት ግን የለም። ድሮውን እንደ እኩዮቼ ማሞገስ ግን አይሆንልኝም። ጽጌ ሳታገባ አረጀች። ፈረንጁን ከረሳሁት ቆየሁ፤ መልኩም ጠፍቶብኛል። እስከ ዛሬ ይቅር ማለት ያቃተኝ ደጉን አባቴን ነው።