ሸክም የሆነው አስማት

በአብዮቱ ዘመን፣ እሁድ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ፣ ሸማ ተራ ባለች አንዲት የልብስ ስፌት ቤት ሦስት ሆነን እንቀመጥ ነበር። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ለመጠቅለያ በኪሎ ከገዙት አሮጌ ወረቀት መሃል ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኙ። ሲያነቡት የጨዋታ ሕግ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ በምናባቸው አስማተኛ ወይም ጦረኛ ሆነው ይገቡበታል፤ ያሰቡት መሳካቱን ዕጣ ይወስናል። ዕጣችን ከአንድ እስከ ሃያ የተጻፈባቸው የካፖርት ቁልፎች ነበሩ፤ ከከረጢት እናወጣለን። ሦስት ሰው በር ዘግቶ ሲያወራ ስለሚያስጠረጥር የምንጫወተው በሩን ከፍተን ነበር።

እኔ የጨርቅ መደብር ጸሐፊ ነበርኩ፤ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብዬ አስማተኛነቱን ወሰድኩ። ጓደኛዬ በአዘቦት ቀን የጨርቅ ቦንዳ ተሸካሚ፣ እሁድ ጦረኛ ነው። ደጅ መፈክሩ ሁሉ ወዛደሩን ያወድሳል፤ እኛ ቤት ግን ወዛደሩ ሰይፉን ሳይመዝ እኔ ጠላቱን በአንድ ቃል አመድ አደርገው ነበር። ያኔ ኮራሁ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አንድ እሁድ ጓደኛዬ ያወጣውን ቁልፍ ከረጢቱ ውስጥ መልሶ ከተተና "ጋሼ፣ ከእንግዲህ አልመጣም" አለ።

ጋሼ ደነገጡ። ጦረኛው ባወጣው ቁጥር ላይ አምስት ይደመርለት አሉ።

"ጉልበትማ ሳምንቱን ሙሉ አለኝ። እርስዎ ቢጨምሩልኝም እሱ ቀድሞ ጠላቱን ይጨርሰዋል። እኔ እዚህ የምመጣው የሚፈልገኝ ሰው ባገኝ ብዬ ነው።"

ጓደኛዬ ከረጢቱን ወደ ጋሼ ገፋው።

"ቦንዳ ስሸከም ከእግሬ በቀር የሚታየኝ የለም" አለ። "ፊት ፊቴ እየሄደ 'ዞር በሉ' የሚል ሰው ከሌለ መኪናው የሚጫንበት መሳለሚያ አልደርስም። አስማቱም ሸክም ይሁን። እሱ ይሸከመው፣ መንገዱን እኔ ልክፈትለት።"

አምስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው፣ መጽሐፉ ያልፈታውን በአንድ ትንፋሽ ፈታው። እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ። ጋሼም "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብለው ሕጉን በጠመኔያቸው ጠረጴዛው ላይ ጻፉት። አስማት የጀመረ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ጫማውን ብቻ እያየ፣ ጦረኛው ሦስት ቁልፍ እስኪያወጣ ይጠብቃል፤ አንዱ እንኳ ከአምስት ካነሰ ሸክሙ ይወድቃል።

ወዲያው ሞከርነው። አንገቴን ደፍቼ የቁልፎቹን መንኳኳት አዳመጥኩ። አሥራ አንድ። ስድስት። አሥራ ሰባት። አስማቱ ሠራ። ከዚያ በፊት እንደዚያ በሰው ተማምኜ አላውቅም። ጓደኛዬ ግን ሲወጣ እመጣለሁም አልመጣምም አላለም።

ሰኞ ከመደብሩ ብቅ ስል አየሁት። ቦንዳው አጉብጦታል፤ ከፊቱ መንገድ የሚያስለቅቅለት የለም፤ ግርግሩ መሃል ቆሟል። ነጭ ሸሚዜን እንደለበስኩ፣ እስክሪብቶዬን ኪሴ እንደሰካሁ ከፊቱ ገባሁና "ዞር በሉ፣ መንገድ" እያልኩ እስከ መሳለሚያ መራሁት። የመደብሩ ደንበኞች ሳቁብኝ። ይሳቁ።

የጭነት መኪናው ጋ ስንደርስ፣ ቦንዳውን ሳያወርድ፣ አንገቱን ሳያቀና "አስማተኛው፣ ስንት ወጣልህ?" አለኝ። በድምፄ አውቆኝ ኖሯል።

"ሃያ" አልኩት።

"ውሸታም" አለ። "እሁድ መጥቼ ከረጢቱን አያለሁ።"